«ያነብ ዘንድ ቆመ» እና «ማንበብን ተወ»
ስለ እንግሊዝኛ ግሥ አካሄድ ለተማሪዎችና ለተሳላሚዎች የቀረበ ማብራሪያ

በቅኔ ቤት ግሥ ያወረደ ተማሪ ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት በገባ ጊዜ የሚያስቸግረው የቃላቱ ብዛት አይደለም፤ ቃልን አጥንቶ መያዝ ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ሥራ ነውና። የሚያስቸግረው ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም የፊተኛው ግሥ ሳይለወጥ፥ ከኋላው የሚከተለው ግሥ መልኩን በለወጠ ጊዜ የነገሩ ሁሉ ትርጓሜ የሚለወጥ መሆኑ ነው። በጆሮ ሲሰሙት ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ በሥራ ሲገለጥ ግን አንዱ «አደረገ»፥ ሁለተኛው «አላደረገም» እስከ ማለት ይደርሳል።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አስቀድሞ አንድ ምሳሌ ማየት ይገባል። ወደ ኢየሩሳሌም ወይም ወደ ደብረ ቍስቋም ለመሳለም የወጣ አንድ ሽማግሌ ካይሮ ሲደርስ ታመመ እንበል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ነው፤ መድኃኒቱ በመንገድ ስላለቀበት አራት ቀን ሙሉ ሳይወስድ ቀርቷል። አብሮት ወደ ሐኪም ቤት የሄደው ተማሪ ዐረብኛው ገና ስላልተቃናለት በእንግሊዝኛ ሊያስረዳ ይነሣል፤ «መድኃኒቱን መውሰድ አቁሟል» ለማለትም «ሂ ስቶፕድ ቱ ቴክ ሂዝ ሜዲሲን» ይላል። ሐኪሙ የሚሰማው ግን «መድኃኒቱን ይወስድ ዘንድ ቆም አለ» የሚለውን ነው። እንግዲህ ሽማግሌው መድኃኒቱን ወስዷል ማለት ነው። ሊባል የሚገባው «ሂ ስቶፕድ ቴኪንግ ሂዝ ሜዲሲን» ነበር። ሐኪሙ አስተዋይ ከሆነና ጊዜ ካለው መልሶ ይጠይቃል፤ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ ከሆነ ግን በሰማው ቃል መሠረት ይሠራል። መድኃኒቱን እየወሰደ ስኳሩ ከፍ ያለበት ሰውና ሳይወስድ ቀርቶ ከፍ ያለበት ሰው ደግሞ አንድ ዓይነት ሕክምና አይገባቸውም።

ለቤተ ክርስቲያን ተማሪ መልካም የሚሆንለት ነገር፥ ይህን የሚለይበት መሣሪያ አስቀድሞ በእጁ ያለ መሆኑ ነው። በግዕዝ ሰዋስው አንድ ግሥ በሐላፊ፥ በትንቢት፥ በዘንድና በትእዛዝ አንቀጽ እንደሚነገር፥ ከእነዚህም ሌላ ንዑስ አንቀጽና ቦዝ አንቀጽ እንዳሉት የማያውቅ የለም። «አንበበ» ሐላፊ ነው፤ «ያነብብ» ትንቢት ነው፤ «ያንብብ» ያነብ ዘንድ ማለት ነው፤ «አንብቦ» ወይም «አንብቦት» ማንበብ ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ቱ ሪድ» ሲል በብዙ ቦታ የዘንድን ሥራ ይሠራል፤ «ሪዲንግ» ሲል ደግሞ የንዑስ አንቀጽን ሥራ ይሠራል። ዘንድ ወደ ፊት የሚያይ ነው፤ ድርጊቱ ገና አልተፈጸመም፥ የሚፈለግ ወይም የሚታሰብ ነው። ንዑስ አንቀጽ ግን ድርጊቱን እንደ ስም አድርጎ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰው ይጀምረዋል፥ ይተወዋል፥ ይወደዋል፥ ይጠላዋል።

ስለዚህ «ሂ ስቶፕድ ቱ ሪድ» የሚለውን ወደ ግዕዝ ቢመልሱት «ቆመ ከመ ያንብብ» ይሆናል፤ ሰውየው ይሄድ ነበር፥ ከመንገዱ ቆሞ መጽሐፉን ገለጠ። «ሂ ስቶፕድ ሪዲንግ» የሚለው ግን «ኀደገ አንብቦተ» ነው፤ ያነብ ነበር፥ መጽሐፉን ዘጋ። በአማርኛ የሚለወጠው የፊተኛው ግሥ መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ አንዱን «ቆመ» ሌላውን «ተወ» ወይም «አቆመ» እንላለን እንጂ በአንድ ቃል አንጠቀልላቸውም። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ «ስቶፕ» ስለሚናገር፥ ልዩነቱን የመሸከም ዕዳ ከኋላ ባለው ግሥ ላይ ይወድቃል። የተማሪው ስሕተት የሚመጣውም ከዚህ ነው፤ በአማርኛ ልማድ የፊተኛውን ግሥ ብቻ ጠብቆ የኋለኛውን ቸል ይለዋል።

በካይሮ የሚኖር ሰው ከዐረብኛውም ረዳት ያገኛል። በመጽሐፍ ዐረብኛ «ተወቀፈ ዐን አልቂራአ» ሲባል ከማንበብ ቆመ፥ ማንበብን ተወ ማለት ነው፤ «ተወቀፈ ሊየቅረአ» ሲባል ያነብ ዘንድ ቆመ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚለየው «ዐን» እና «ሊ» የተባለው አገባብ ነው። የገበያው ሰው ደግሞ፥ ቃፉን ወደ አሊፍ እየለወጠ፥ እንደ አማርኛው ግሡን ራሱን ይለውጣል፤ ለመተው «በጠል» ይላል፥ ለመቆም «ወአፍ» ይላል። እንዲህ ሦስት ቋንቋ አንዱን ነገር በሦስት ልዩ ልዩ ስፍራ ያስቀምጡታል፤ አንዱ በፊተኛው ግሥ፥ አንዱ በአገባቡ፥ አንዱ በኋለኛው ግሥ። ተማሪው ይህን አንድ ጊዜ ከተረዳ የቀረው ልምምድ ብቻ ነው።

ከ«ስቶፕ» ቀጥሎ ብዙ ጥፋት የሚያመጡት የማስታወስና የመርሳት ግሦች ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ቍልፍ የያዘ ዐቃቢ ነበረ እንበል። «ሂ ሪሜምበርድ ቱ ሎክ ዘ ዶር» ቢባል፥ በሩን መቈለፍ እንደሚገባው አሰበ፥ ቈለፈውም ማለት ነው፤ ማሰቡ ቀድሞ መቈለፉ ተከተለ። «ሂ ሪሜምበርድ ሎኪንግ ዘ ዶር» ቢባል ግን መቈለፉ ቀድሟል፤ በኋላ በአልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ «አዎን፥ ቈልፌዋለሁ» ብሎ አሰበ። መርሳትም እንዲሁ ነው። «ሂ ፎርጎት ቱ ሎክ» ሲባል በሩ ክፍት አድሯል፤ «ሂ ፎርጎት ሎኪንግ» ሲባል በሩ ተዘግቷል፥ የጠፋው ትዝታው ብቻ ነው። ሌባ ገብቶ ንዋየ ቅድሳት ቢጠፋና ነገሩ በእንግሊዝኛ ቢመረመር፥ ዐቃቢው ጥፋተኛ የሚሆነውና የማይሆነው በዚህች ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ድፍን መሆኑን ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። «በሩን መዝጋቱን ረሳ» ብንል ሰሚው ሁለት መንገድ አለው፤ ሳይዘጋው ቀረ ማለትም ይሆናል፥ የዘጋው መሆኑን ዘነጋ ማለትም ይሆናል። የሚያጠራው የነገሩ አካባቢ ነው፤ ወይም ደግሞ «መዝጋት እንዳለበት ረሳ»፥ «እንደ ዘጋው ረሳ» ብሎ ማስረዘም ያስፈልጋል። ግዕዙ ግን በአንድ «ከመ» ሁለቱን ይለያቸዋል፤ «ተዘከረ ከመ ያንብብ» ያነብ ዘንድ አሰበ ነው፤ «ተዘከረ ከመ አንበበ» ያነበበ መሆኑን አሰበ ነው። «ከመ» ያው ነው፥ የተለወጠው የግሡ አንቀጽ ነው። ይህ ለእንግሊዝኛው ከሁሉ ይልቅ የሚቀርብ ምሳሌ ስለ ሆነ፥ ግዕዝ ለዛሬ ቋንቋ ትምህርት አይረባም የሚሉ ሰዎች ቢያስተውሉት መልካም ነበር።

በዚሁ መንገድ የሚሄድ ሌላው ግሥ «ሪግሬት» ነው፤ ትርጓሜውም ማዘን፥ መጸጸት ነው። ከውጭ አገር ትምህርት ቤት ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ «ዊ ሪግሬት ቱ ኢንፎርም ዩ» ብሎ ይጀምራል። ይህ ቃል «የምንነግርህ ነገር ስለሚያሳዝን እያዘንን እንነግርሃለን» ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚከተለውም የልመናው አለመፈጸም ነው። «ሪግሬት ኢንፎርሚንግ» ቢሆን ግን «ነግረንህ ነበር፥ ስለ ነገርንህም ተጸጸትን» ማለት ይሆናል። ደብዳቤውን የተቀበለ ተማሪ ሁለቱን ቢያምታታ፥ የተከለከለውን ነገር እንደ ተፈቀደለት ወይም ገና ያልተሰማው ሌላ ደብዳቤ እንዳለ ያስባል። በዚህ ግሥ «ቱ» የሚመጣው በአብዛኛው ከመናገር ወገን በሆኑት፥ እንደ መንገርና ማስታወቅ ባሉት ግሦች ፊት ብቻ ነው። ስለ ሠራው በደል ንስሓውን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ የሚያስፈልገው ሁለተኛው፥ ማለት ኢንግ ያለው ነው፤ ጸጸት ከበደል በኋላ ነውና።

ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን አቁሞ ግሥን ከግሥ ማስተያየት በካይሮ አዲስ ሥራ አይደለም። የቅብጥ ቋንቋ ከሕዝቡ አፍ እየጠፋ ዐረብኛ በተተካ ጊዜ፥ የግብፅ ሊቃውንት የቅብጡን ቃል ከዐረብኛው ጋር የሚያስተያይ መጽሐፍ ያዘጋጁ ነበር፤ ስሙንም «ሱለም» ይሉት ነበር፥ መሰላል ማለት ነው። በአሮጌው ካይሮ በአል ሙዐለቃ ቤተ ክርስቲያን ቄስ የነበረውና በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1324 ያረፈው አቡል በረካት ኢብን ከበር «ታላቁ መሰላል» የተባለውን አዘጋጅቷል። በግዕዝም «ሰዋስው» መሰላል ማለት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሊቃውንትም የመጽሐፉ ስም ከዚሁ ከግብፅ ልማድ እንደ መጣ ይናገራሉ። ወደ አል ሙዐለቃ ለመሳለም የሚወጣ ተማሪ ደረጃውን ሲቈጥር ይህን ቢያስብ ያምርበታል።

በእንግሊዝኛ በኩል ይህን ነገር በሥርዓት ለባዕዳን ተማሪዎች ያዘጋጀው ሆርንቢ የተባለው እንግሊዛዊ መምህር ነው። በጃፓን አገር ሲያስተምር ተማሪዎቹ የግሡን ትርጓሜ እያወቁ አካሄዱን ሲስቱ ስላየ፥ እያንዳንዱ ግሥ ከኋላው ምን ዓይነት ቃል እንደሚፈልግ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት ከጓደኞቹ ጋር አዘጋጀ፤ መጽሐፉ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1942 በቶኪዮ ታተመ፥ በ1948ም ኦክስፎርድ ደግሞ አወጣው። በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ የግሥን አካሄድ በሃያ አምስት ክፍል ከፍሎታል። ሃያ አምስቱን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ ስምንት የግሥ አርእስት ለያዘ ተማሪ ግን አያስፈራውም።

አሁን ወደ «ትራይ» እንመለስ፤ ይህ ግሥ ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ የሚጥም ነው። በነሐሴ ወር የካይሮ ሙቀት በበረታ ጊዜ አንድ መነኩሴ በክፍሉ ተቀምጧል። «ሂ ትራይድ ቱ ኦፕን ዘ ዊንዶ» ሲባል፥ መስኮቱን ሊከፍት ሞከረ፥ ታገለ ማለት ነው፤ ምናልባት ዝጎ እንቢ ብሎት ይሆናል። «ሂ ትራይድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶ» ሲባል ግን መስኮቱ ያለ ችግር ተከፍቷል፤ እርሱ የፈለገው መክፈቱ ሙቀቱን ያበርድለት እንደ ሆነ ለማወቅ ነበር። ይህን አማርኛ እንዴት አድርጎ ይናገረዋል? «ከፍቶ አየ» ይላል። «ሊከፍት ሞከረ» እና «ከፍቶ አየ» የሁለቱ የእንግሊዝኛ ንግግሮች ትክክለኛ አቻ ናቸው፤ አንዱ በዘንድ ወገን ነው፥ አንዱ በቦዝ አንቀጽ ነው። «ቀምሶ አየ»፥ «ጠይቆ አየ»፥ «ለብሶ አየ» እንደምንል ሁሉ ነው። እንዲያውም «ሰምቶ አየ» እንላለን፤ ዓይን ለጆሮ ሲሠራ ማንም አይገረምም።

ይህ ልዩነት ምክር በሚሰጥበት ጊዜ ይጠቅማል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪሙ «ትራይ ድሪንኪንግ ሆት ሚልክ» ቢለው፥ ትኩስ ወተት ጠጥተህ እይ፥ ምናልባት ይረዳህ ይሆናል ማለቱ ነው። «ትራይ ቱ ድሪንክ» ቢለው ግን ሐኪሙ መጠጣቱ ራሱ ለሕመምተኛው ጭንቅ መሆኑን ያውቃል ማለት ነው፤ ጉሮሮው ለታመመ፥ ምግብ ለዘጋው ሰው የሚነገር ቃል ነው። የታመመ ተሳላሚ የሚያስታምም ተማሪ ሁለቱን ለይቶ ሊሰማ ይገባዋል።

ለመነኮሳት ግን ከሁሉ የከፋው ወጥመድ «ዩዝድ ቱ» ነው፤ ሲነገር «ዩስት ቱ» ይባላል። ከሰባቱ አጽዋማት አንዱንም ያላጎደለ መነኩሴ ለውጭ አገር ገዳም ስለ ሥርዓቱ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ፥ መጾም የለመደ መሆኑን ለመግለጥ «ሂ ዩዝድ ቱ ፋስት» ብሎ ስለ አንድ ወንድም ቢመሰክርለት፥ ያ ወንድም በአንባቢው ዘንድ ጾም አፍራሽ ሆኖ ቀረ። ቃሉ «ቀድሞ ይጾም ነበር» ማለት ነውና፥ «ዛሬስ?» የሚለውን ጥያቄ «ትቶታል» ብሎ ራሱ ይመልሰዋል። የታሰበው ነገር የሚነገረው «ሂ ኢዝ ዩዝድ ቱ ፋስቲንግ» ተብሎ ነው፤ መጾም ለምዷል፥ አይከብደውም ማለት ነው። በመካከሉ የገባችው «ኢዝ»፥ በመጨረሻውም የተጨመረው ኢንግ ሰውየውን ከነቀፋ ያድኑታል።

ተማሪ እዚህ ላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ «ቱ» የዘንድ ምልክት ከሆነች ስለ ምን ከኢንግ ጋር ቆመች? መልሱ ይህ ነው፤ ሁለት «ቱ» አሉ። አንዲቱ ግሥን ዘንድ የምታደርገው ናት። ሁለተኛዪቱ እንደ ግዕዝ «ለ» ወይም «ኀበ» ያለች አገባብ ናት፤ እርስዋ ስም ትፈልጋለች፥ ግሥ ቢመጣባትም ስም ሆኖ፥ ማለት በኢንግ፥ ይመጣል። መለያው ቀላል ነው፤ በግሡ ስፍራ አንድ ስም አግብተህ እይ። «ዩዝድ ቱ ዘ ሂት»፥ ሙቀቱን ለምዷል፥ ቢባል ያስኬዳል፤ እንግዲህ «ቱ» አገባብ ናት። ደብዳቤ ሲዘጋ የሚጻፈው «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» የሚለው፥ ትርጓሜውም በተስፋ መጠባበቅ የሆነው፥ ከዚህኛው ወገን ነው፤ ስለዚህ ከእርሱ በኋላ «ሚቲንግ ዩ» እንጂ «ሚት ዩ» አይጻፍም።

«ጎ ኦን» እና «ሚን» ረጅም ሐተታ አይሹም። «ሂ ዌንት ኦን ስፒኪንግ» መናገሩን ቀጠለ ነው፤ «ሂ ዌንት ኦን ቱ ስፒክ» ከሌላ ነገር በኋላ ቀጥሎ ተናገረ ነው። የጉባኤ ቃል የሚጽፍ ሰው ይጠንቀቅበት። «ሚን ቱ» አሰበ፥ ቈረጠ ነው፤ «ሚን» ኢንግን ሲያስከትል ማለት ነው፥ ያስከትላል ነው። «ሲ»፥ ማየት፥ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው። አንድ ሰው በረምሲስ አደባባይ መኪና ሲገጨው ያየ ምስክር «ሳው ሂም ክሮስ» ቢል፥ ሰውየው ከዳር እስከ ዳር ሲሻገር አይቷል፤ «ሳው ሂም ክሮሲንግ» ቢል፥ በመካከል ሳለ አይቶታል፥ መድረሱን ግን አልመሰከረም። አማርኛው በሁለቱም ቦታ «ሲሻገር አየሁት» ስለሚል፥ ተርጓሚ መስካሪውን «ማዶ ሲደርስ አይተኸዋልን?» ብሎ ሳይጠይቅ ሊተረጕም አይገባውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር የአዕማድ ጉዳይ ነው። አድራጊ፥ አስደራጊ፥ ተደራጊ፥ አደራራጊ፥ ተደራራጊ ተብለው የሚቈጠሩት አምስቱ አዕማድ በግዕዝና በአማርኛ በግሡ አካል ላይ ይታያሉ፤ «ጸሐፈ» ብሎ «አጽሐፈ»፥ «ጻፈ» ብሎ «አስጻፈ» ይላል። እንግሊዝኛው ለአብዛኛው ግሥ እንዲህ ያለ አስደራጊ ስለሌለው በቃላት ቅደም ተከተል ይሠራዋል። «ሂ ሃድ ሪትን ዘ ቡክ» መጽሐፉን ጽፎ ነበር ማለት ነው። «ሂ ሃድ ዘ ቡክ ሪትን» ግን መጽሐፉን አስጻፈ ማለት ነው። ቃላቱ አምስት ናቸው፥ ያው አምስቱ ናቸው፤ የተለወጠው ስፍራቸው ብቻ ነው።

ይህ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ጸሐፊውና አጽሓፊው ለየብቻ ይጠራሉ፤ «ዘጸሐፎ» የተባለው እጁ የደከመው ነው፥ «ዘአጽሐፎ» የተባለው ገንዘቡን ያወጣው ነው፤ ሁለቱም በጸሎት እንዲታሰቡ በየስማቸው ይለመናል። ብዙ የኢትዮጵያ ብራናዎች ደግሞ ዛሬ በባዕድ አገር ይገኛሉ። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1868 ከመቅደላ ወደ ለንደን የተወሰዱትን መጻሕፍት ጭምር የያዘውን ዝርዝር ዊልያም ራይት በ1877 በእንግሊዝኛ አሳትሟል፤ ከዚያም ወዲህ የተዘጋጁት ብዙ ዝርዝሮች በእንግሊዝኛ ናቸው። ስለዚህ የራሱን አባቶች መጻሕፍት የሚፈልግ ተማሪ በእንግሊዝኛ ዝርዝር በኩል ማለፍ ግድ ይሆንበታል። «ሃድ» የቆመበትን ስፍራ ካላስተዋለ፥ ንጉሡን ጸሐፊ አድርጎ የደከመውን ድኻ ደብተራ ከመታሰቢያው ያጠፋዋል።

የአስደራጊው ነገር በዚህ ብቻ አያልቅም። አማርኛው «አስጻፈው» ብሎ የሚጠቀልለውን እንግሊዝኛው በአራት ይከፍለዋል። «ሜድ ሂም ራይት» ሲል አስገድዶ አስጻፈው ነው፤ «ሃድ ሂም ራይት» ሲል አዝዞ፥ ሥራው ስለ ሆነ፥ አስጻፈው ነው፤ «ጎት ሂም ቱ ራይት» ሲል ለምኖና አግባብቶ አስጻፈው ነው፤ «ሌት ሂም ራይት» ሲል ደግሞ ይጽፍ ዘንድ ፈቀደለት ነው። «ቱ» ከአራቱ በአንዱ ብቻ መምጣቷን ልብ ማለት ያስፈልጋል። መምህሩ ደቀ መዝሙሩን ፈቀደለት ለማለት «ሜድ ሂም» ብሎ የጻፈ ሰው መምህሩን ጨካኝ ያደርገዋል።

ፈቃድንና ግዴታን በግሥ መለየት ምን ያህል እንደሚከብድ የኢትዮጵያ ታሪክ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛው ክፍል በአማርኛው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋር ስለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት እጅ መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር። በኢጣልያንኛው የቆመው ግሥ ግን «ኮንሴንቴ» ነው፤ ይሁን ብለዋል፥ ተስማምተዋል ማለት ነው። በአማርኛው ቢወዱ ያደርጋሉ፥ ባይወዱ ይተዋሉ፤ በኢጣልያንኛው ለማድረግ ቃል ገብተዋል። በእንግሊዝኛ ቢነገር የ«ሜይ ዩዝ» እና የ«አግሪዝ ቱ ዩዝ» ልዩነት ነው። የኢጣልያ መንግሥት በዚህ ግሥ ተመርኵዞ ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር ናት ብሎ በ1882 ዓ.ም. ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጦርነት ሆነ፤ በ1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውል የውጫሌው ተሻረ። የጦርነቱ ምክንያት ግሡ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ ቅኝ ግዛት የሚፈልግ መንግሥት ሌላ ሰበብ አያጣም ነበርና። ነገር ግን ሰበቡን የሰጠው ይህ ግሥ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ተማሪው በእያንዳንዱ ግሥ ላይ ልዩነት እንዳይፈልግ ማስጠንቀቅ ይገባል። «ቢጊን»፥ «ስታርት»፥ «ኮንቲኒው» ከኋላቸው «ቱ» ቢመጣም ኢንግ ቢመጣም ትርጓሜያቸው ያው ነው፤ መጀመር መጀመር ነው፥ መቀጠልም መቀጠል ነው። «ሲዝ» የሚለውም፥ ትርጓሜው መተው የሆነው፥ እንዲሁ ነው፤ «ሲዝ ቱ» ሲባል ያንን ያደርግ ዘንድ ቆመ ማለት ሳይሆን ማድረጉን ተወ ማለት ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1611 የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ይህን አካሄድ ብዙ ጊዜ ስለሚያገኘው፥ የ«ስቶፕ»ን ሥርዓት ወደዚያ ይዞ እንዳይሄድ።

በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ተማሪዎች አብዝተው የሚሰናከሉበት ሌላ ግሥ «ሳፈር» ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ መከራ ተቀበለ፥ ታመመ ማለት ስለ ሆነ፥ ጌታ ስለ ሕፃናት በተናገረበት ስፍራ ቃሉን ያየ ጀማሪ ሕፃናቱ መከራ እንዲቀበሉ የታዘዘ መስሎት ይደነግጣል። በዚያ ዘመን ግን «ሳፈር» ሁለት አካሄድ ነበረው፤ ሁለቱም በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ። ከኋላው ሰው ተከትሎ ከዚያ «ቱ» ያለው ግሥ ቢመጣ፥ ያደርግ ዘንድ ፈቀደ፥ ተወ ማለት ነው። ብቻውን ቢቆም ወይም መከራው ራሱ ቢከተለው፥ መከራ ተቀበለ ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ሕፃናት የተነገረው ስለ ሕማማት ከተነገረው የሚለየው ከኋላው በሚከተለው «ቱ» ባለው ግሥ ነው።